ጨረታ ሳይወጣ ሥራዬን በሌላ ኩባንያ ውል ሰጡት፤ ዝም ልበል?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። አነስተኛ የጽዳት ድርጅት አለኝ። ዲሲ ውስጥ ያለ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሕንፃ በራሳችን ኮንትራት ለ5 ዓመት ስናጸዳ ቆየን። ኮንትራቱ ሲያልቅ «ጨረታ ይወጣል፣ ጠብቂ» አሉኝ፣ ጠበቅኩ። ባለፈው ሐሙስ ሱፐርቫይዘሬ ደውላ ሌላ ኩባንያ ሊገባ ነው አለችኝ። ዓርብ ዕለት ዩኤስኤ ስፔንዲንግ (የመንግሥት ወጪ የሚታይበት ድረ ገጽ) ላይ ገብቼ ሳይ እውነት ነው። የቢሮ ዕቃ ለማጓጓዝና መጋዘን ለመያዝ የተዋዋለ ትልቅ ኩባንያ አለ፤ በዚያ ውል ላይ ታስክ ኦርደር (በነባር ውል ስር የሚጻፍ የሥራ ትዕዛዝ) ጽፈው ጽዳቱን ለእሱ ሰጥተውታል። 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። አጎቴ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ፤ ተዪው» ይለኛል። ኩባንያው ደግሞ ደውሎ ሰብኮንትራክተር ሁኚልን፣ በእኛ ስር ሥሪ ብሎኛል። ሠራተኞቼ በእኔ እጅ ላይ ናቸው። ምን ላድርግ?

የአሌክሳንድሪያዋ

መልስ፦

እህቴ፣ ለአንቺ ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዕለት በስልክ ነግሬሻለሁ፤ ምክንያቱም የዚህ ጉዳይ ቀን እስከሚቀጥለው ዓምድ አይጠብቅም። እዚህ በሰፊው የምጽፈው፣ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከመንግሥት ጋር የሚሠሩ ብዙ ወገኖቻችን አንድ ቀን እንዲህ ዓይነት ነገር ስለሚገጥማቸው ነው። ጽዳት፣ ፓርኪንግ፣ ጥበቃ፣ አይቲ፣ ትራንስፖርት፣ የትኛውም ይሁን።

መጀመሪያ አጎትሽን ልመልስ። ከልባቸው አዝነውልሽ ነው፤ ግን እዚህ አገር ያለው ሕግ እንደዚያ አይደለም። መንግሥት ኮንትራት ሲሰጥ ተበድያለሁ የሚል ነጋዴ አቤት የሚልበት ቦታ አለ። ስሙ የመንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ ነው፣ ሁሉም ጂኤኦ የሚለው። በኮንግረስ ስር ያለ እንጂ ኮንትራቱን የሰጠው መሥሪያ ቤት አለቃ ወይም ታዛዥ አይደለም። በ2024 በጀት ዓመት ከቀረቡለት አቤቱታዎች 52 በመቶ ያህሉ ላይ አቤት ባዩ የሆነ መፍትሔ አግኝቷል፤ ወይ ጂኤኦ ፈርዶለት፣ ወይ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ውሳኔ ሳይጠብቅ ነገሩን አስተካክሎ። ይህ ስለ ሁሉም ዓይነት አቤቱታ ነው፣ ስለ አንቺ ዓይነቱ ብቻ አይደለም። ቢሆንም «ማንም አይሰማሽም» የሚለውን ወሬ ለማፍረስ ይበቃል።

አሁን ወደ ችግሩ። ታስክ ኦርደር ላይ አቤት ማለት በመርህ ደረጃ የተከለከለ ነው። ከ1994 ጀምሮ በወጣው ሕግ፣ መሥሪያ ቤቱ አንዴ ትልቁን ውል በውድድር ከሰጠ በኋላ በውሉ ስር የሚጽፋቸውን ትዕዛዞች እያንዳንዱን ማንም እንዳይከራከርበት ተደርጓል። ሥራው ቶሎ እንዲሄድ ነው ዓላማው። ትልልቆቹ ትዕዛዞች ላይ በኋላ በር ተከፍቷል፤ በሲቪል መሥሪያ ቤት ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሆነ፣ በመከላከያ ደግሞ ቀድሞ ከ25 አሁን ከ35 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሆነ ጂኤኦ ያያል። ያንቺ 2 ሚሊዮን ነው። ስለዚህ ያ በር ለአንቺ ዝግ ነው።

የቀረሽ በር ሌላ ነው። ትዕዛዙ የዋናውን ውል ወሰን (ውሉ የሚፈቅደውን የሥራ ዓይነት)፣ ወይም ጊዜ፣ ወይም የገንዘብ ጣሪያ ካለፈ፣ መጠኑ 2 ሚሊዮንም ይሁን 200 ሺህ አቤት ማለት ይቻላል። ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚያስታውሰው። አንቺ ግን ሦስቱንም እይ። የማጓጓዣ ውሉ ትዕዛዝ መጻፊያ ጊዜው መቼ ያበቃል? ጣሪያው ስንት ነው፣ እስካሁንስ ስንቱ ተበልቷል? እነዚህ ቁጥር ናቸው፣ ብዙም አያከራክሩም። ወሰኑ ግን ያከራክራል።

ጉዳይሽ የሚወሰነው በፍትሐዊነቱ አይደለም። ይህን በደንብ ያዢልኝ። 5 ዓመት በደንብ መሥራትሽ፣ «ጨረታ ይወጣል» መባልሽ፣ ሠራተኞችሽ መበተናቸው፣ እኔን ያሳዝነኛል፤ የጂኤኦን ጠበቃ ግን አያንቀሳቅሰውም። እሱ የሚያየው አንድ ነገር ነው፤ ዋናው ውል መጀመሪያ ለጨረታ በወጣ ጊዜ የተጻፈውና አሁን የታዘዘው ሥራ በመሠረቱ ይለያያሉ ወይ? የዚያን ጊዜ ሰነዱን ያነበበ ነጋዴ «ነገ በዚህ ውል ስር ሕንፃ ማጽዳትም ሊታዘዝ ይችላል» ብሎ ሊገምት ይችል ነበር ወይ?

ነገሩ እንዲህ ነው። እድርሽ ለለቅሶ ድንኳንና ወንበር እንዲያቀርብ ከአንድ ሰው ጋር ተዋዋለ እንበል። ሰውዬው ጠረጴዛና ምንጣፍ ጨምር ቢባል ማንም አይደነቅም። የመቃብር ሐውልት አሠራ ቢባል ግን የከተማው ሐውልት ሠሪ ሁሉ «ምነው እኛን ሳትጠይቁ?» ይላል፤ መብቱም ነው። ድንኳኑን ለመከራየት የተወዳደሩት ሰዎች ሐውልት አይሠሩም፤ ሐውልት ሠሪዎቹም የድንኳኑን ማስታወቂያ አይተው አልፈውታል። የወሰን ክርክር ልቡ ይኸው ነው፤ ሥራው ተቀይሮ ቢሆን ኖሮ ሌላ ሰው ይወዳደር ነበር ወይ?

አንቺን በጣም የሚመስል ታሪክ አለ፣ በትልቅ መጠን። ዳይንኮርፕ የሚባለው ኩባንያ ለአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የአፍጋኒስታንን ፖሊስ ያሠለጥን ነበር። ሥራው ወደ መከላከያ ሲዛወር፣ ሠራዊቱ አዲስ ጨረታ አላወጣም። አደንዛዥ ዕፅና ሽብርን ለመከላከል የተፈረመ ሌላ ትልቅ ውል ነበረው፤ ሥልጠናውን በዚያ ስር በታስክ ኦርደር ሊያሠራ ለባለውሎቹ ጥያቄ ላከ። ዳይንኮርፕ ከባለውሎቹ አንዱ አልነበረም። ሥራውን ይሠራ የነበረ፣ ግን በሩ የተዘጋበት ነጋዴ፣ ልክ እንዳንቺ። አቤት አለ። ጂኤኦ በመጋቢት 2010 ፈረደለት፤ ለአደንዛዥ ዕፅ መከላከል የወጣ ውል ሰፊውን የፖሊስ ኃይል ለማሠልጠን አይዘረጋም አለ። ከዚያ ግልጽ ውድድር ተደረገ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ዳይንኮርፕ ራሱ አሸነፈ።

ይህን ስትሰሚ ልብሽ ሞቅ እንደሚል አውቃለሁ። ስለዚህ ሌላውንም ስሚ። በ1980ዎቹ መጨረሻ መንግሥት ኤፍቲኤስ2000 የሚባል ግዙፍ የስልክና የዳታ ውል ፈረመ። በኋላ ቲ3 የሚባል መስመር ተጨመረበት፤ ውሉ ላይ ከነበረው ቲ1 ከሚባለው መስመር 28 እጥፍ የሚሸከም ነው። ተፎካካሪዎች ይህ አዲስ ነገር ነው፣ ጨረታ ይውጣበት ብለው ተከራከሩ፣ መጀመሪያም አሸነፉ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ግን በ1993 ገለበጠው። ውሉ ከጅምሩ ሰፊ የመገናኛ አገልግሎት ነው፣ ቴክኖሎጂው እንደሚሻሻልም በውስጡ ተጽፎ ነበር፣ ስለዚህ የገባ ሁሉ ይህን መጠበቅ ነበረበት ተባለ። ከዚህ የምትወስጂው፣ ውሉ በሰፊ ቃላት ከተጻፈ መንግሥት ብዙ መንቀሳቀሻ እንዳለው ነው።

እንግዲህ ለአንቺ ሁሉም ነገር ያለው በማጓጓዣው ውል ወረቀት ውስጥ ነው። ሳም ዶት ጎቭ (የፌዴራል ጨረታዎች የሚወጡበት ድረ ገጽ) ላይ ግቢና የመጀመሪያውን የጨረታ ሰነድ ፈልጊ። አንዳንዴ በአርካይቭ ውስጥ ይገኛል። ኤፍኦአይኤ ብለሽ፣ ማለትም በመረጃ ነፃነት ሕጉ፣ በደብዳቤ ልጠይቅ እንዳትይ፣ መልሱ እስኪመጣ ቀንሽ ያልፋል። ሰነዱን ስታገኚ የሥራ ዝርዝሩን ከዳር እስከ ዳር አንብቢ፣ እርሳስ ይዘሽ። ከዚያ የዋጋ ሠንጠረዡን እይ። እኔ እዚህ ላይ ነው ብዙ የማተኩረው። የሥራ ዝርዝር ሰፋ ተደርጎ ይጻፋል፣ «እና ተያያዥ አገልግሎቶች» የሚል ጭራ ይቀጠልበታል። የዋጋ ሠንጠረዥ ግን ሊያስመስል አይችልም። የአጓጓዥ ሰዓት፣ የሹፌር ሰዓት፣ የመኪና ቀን፣ የመጋዘን ስኩዌር ፊት፣ እነዚህ ብቻ ካሉና በየሌሊቱ ቢሮ ለማጽዳት ዋጋ የተጠየቀ አንድም መስመር ከሌለ፣ ያ ወረቀት ከአሥር ገጽ ክርክር ይበልጥልሻል። ዋጋ ያልተጠየቀበት ሥራ፣ ማንም ይመጣል ብሎ ያልጠበቀው ሥራ ነው ብለሽ ትከራከሪያለሽ።

የኢንዱስትሪ ኮዱንም እይ። የቢሮ ዕቃ ማጓጓዝ 484210 ነው፣ ጽዳት 561720። ኮድ ብቻውን ጉዳይ አያሸንፍም፤ ግን ውሉ ለማን እንደተጠራ ያሳያል። በ484210 የተጠራ ጨረታ ላይ የጽዳት ድርጅት አልፎ ቢሄድ ማን ይፈርድበታል?

አሁን ደግሞ እነሱ የሚመልሱልሽን ልንገርሽ፣ ቀድመሽ እንድትዘጋጂ። በማጓጓዣ ውሎች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አንድ አንቀጽ አለ፤ ዕቃ ከተነሣ በኋላ ክፍሉን ጠርጎ፣ ካርቶኑንና ቆሻሻውን አውጥቶ ማስረከብ ይላል። የመሥሪያ ቤቱ ጠበቃ ይህችን ዓረፍተ ነገር ይይዛትና «ይኸው ጽዳት በውሉ ውስጥ ነበር» ይላል። አትደንግጪ። ልዩነቱን በቁጥር አሳይ። ያኛው ዕቃ በተነሣ ጊዜ ብቻ የሚደረግ፣ አጓጓዡ ራሱ በመጥረጊያ የሚጨርሰው ነው። ያንቺው በየቀኑ፣ በየፎቁ፣ መጸዳጃ ቤቱን፣ መስኮቱን፣ ምንጣፉን፣ በሠለጠነ ሰው፣ ዓመቱን ሙሉ ነው። የ5 ዓመት ሥራሽ አሁን ነው የሚጠቅምሽ፤ ሥራው ምን ያህል እንደሆነ በዝርዝር የምታውቂው አንቺ ነሽና የድሮ ኮንትራትሽን የሥራ ዝርዝር ከጎኑ አስቀምጪው።

«ተያያዥ አገልግሎቶች» የምትለዋን ጭራም እንዲሁ። ተያያዥ ከምን ጋር? ከማጓጓዝ ጋር። ጽዳትሽ ማንም ዕቃ ባያንቀሳቅስም በየሌሊቱ የሚሠራ ነው። ጭራዋ ሁሉን ነገር የምትይዝ ከሆነ ወሰን የሚባል ነገር ትርጉም የለውም። ኢራቅ ውስጥ እንዴት እንደነበር ታስታውሺ ይሆናል፤ በአቡ ግሬብ እስር ቤት እስረኞችን የመረመሩ የኩባንያ ሠራተኞች የተቀጠሩት በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ውል ስር በተጻፈ ትዕዛዝ ነበር። ውሉን የሚያስተዳድረው ደግሞ አሪዞና ውስጥ ያለ የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ቢሮ ነው። ኮምፒውተር ለመግዣ የተዘጋጀ መንገድ ሰው ለመመርመር ዋለ። ጂኤኦ በ2005 ባወጣው ሪፖርት ይህን በዝርዝር ተችቷል። ወሰን የወረቀት ጣጣ ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። ማን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚቆጣጠር፣ ማን እንደተወዳደረ የሚታወቀው በእሱ ነው።

ቀኑን ልንገርሽ። ጂኤኦ ዘንድ ነገሩን ካወቅሽበት ወይም ማወቅ ከነበረብሽ ቀን ጀምሮ 10 ቀን ነው ያለሽ። የሥራ ቀን አይደለም፣ ቅዳሜና እሑድም ይቆጠራል። አንቺ ዓርብ አየሁ ትያለሽ፤ እነሱ ግን ሐሙስ ተነግሯታል ሊሉ ይችላሉ፣ ስለዚህ ከሐሙስ ቁጠሪ። አሥረኛው ቀን እሑድ ላይ ይውላል፣ እሑድ ዝግ ስለሆነ ወደ ሰኞ ይሻገራል። ሰኞ በዋሽንግተን ሰዓት 5፡30 ፒኤም፣ በሐበሻ አቆጣጠር ከቀኑ 11፡30። 5፡31 ላይ የገባ እንደ ማክሰኞ ነው የሚቆጠረው። ከቻልሽ ሐሙስ ወይም ዓርብ ጨርሺው። ሌላም ምክንያት አለ፤ ጂኤኦ ትዕዛዙ ከተሰጠ በ10 ቀን ውስጥ ለመሥሪያ ቤቱ አቤቱታ መግባቱን ካሳወቀ ሥራው ባለበት እንዲቆም የሚያደርግ ሕግ አለ። ያ 10 ቀን የሚቆጠረው አንቺ ካወቅሽበት ሳይሆን ትዕዛዙ ከተሰጠበት ነው። ምናልባት አልፎሻል። ካላለፈ ግን ትልቅ ነገር ነው፤ ሌላው ገብቶ ሥራውን ከጀመረ ማስወጣቱ ይከብዳል።

አቤቱታው በኢንተርኔት ነው የሚገባው፣ ክፍያ አለው፣ ግን ፍርድ ቤት ከመሄድ ጋር አይወዳደርም። ግልባጩን በአንድ ቀን ውስጥ ለኮንትራክቲንግ ኦፊሰሩ፣ ማለትም በመሥሪያ ቤቱ ስም ውል ለሚፈርመው ኃላፊ፣ ላኪ። ሲጽፉ የሚያበላሹ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ። «ተሞዳሙደው ነው»፣ «ጉቦ አለበት»፣ «በዘሬ ምክንያት ነው» ብለሽ አትጀምሪ። ጂኤኦ ባለሥልጣኖች በቅን ልቦና ይሠራሉ ብሎ ነው የሚነሣው፤ ያንን ለመስበር የሚጠየቀው ማስረጃ ከባድ ነው። ውሉ ይህን ይላል፣ ትዕዛዙ ይህን ይላል፣ ልዩነቱ ይህ ነው፣ ጨረታ ቢወጣ እወዳደር ነበር፣ ጨረታ ይውጣ። በቃ። ጨዋ ወረቀት ጥርስ ውስጥም አያስገባሽም። ኮንትራክቲንግ ኦፊሰሮች ይህ የሥራቸው አካል ነው፣ ለምደውታል።

ያለ ጠበቃ ማቅረብ ይቻላል። እኔ ግን ቢያንስ ለአንድ ሁለት ሰዓት የመንግሥት ኮንትራት የሚያውቅ ጠበቃ ክፈይ እላለሁ፤ የኢሚግሬሽን ጠበቃሽ ጎበዝ ቢሆንም ይህ የእሱ አይደለም። አንዳንድ የተጠበቁ ሰነዶች የሚታዩት ለጠበቃ ብቻ ነው። ካሸነፍሽ ደግሞ ጂኤኦ የጠበቃሽን ወጪ መሥሪያ ቤቱ እንዲከፍል ሊመክር ይችላል፣ ለአነስተኛ ድርጅት በሰዓት 150 ዶላር የሚለው ገደብ አይሠራም። ነፃ ምክር ከፈለግሽ አፔክስ አክሰለሬተር የሚባሉ ቢሮዎች አሉ፤ የቨርጂኒያው በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ስር ነው። ነገ ጠዋት ደውይላቸው።

ካስገባሽ በኋላ አትተኚ። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ሪፖርት ይልካል። ለሪፖርቱ በ10 ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጠሽ ጉዳይሽ ይዘጋል። ስንት ጥሩ ጉዳይ እዚህ ላይ ይሞታል! ውሳኔው በ100 ቀን ውስጥ ይመጣል። ማሸነፍ ማለት ደግሞ ሥራው ተመልሶ ለአንቺ ይሰጣል ማለት አይደለም። ትዕዛዙ ይሰረዝና ጨረታ ይውጣ ማለት ነው፤ ያኔ እንደማንም ትወዳደሪያለሽ። የጂኤኦ ውሳኔ ምክር ነው፣ መሥሪያ ቤቶች ግን ከሞላ ጎደል ሁሌም ይቀበሉታል።

ሰኞ ካለፈሽ፣ የፌዴራል ክሌምስ ፍርድ ቤት (በፌዴራል መንግሥት ላይ የሚቀርቡ የገንዘብና የኮንትራት ክሶችን የሚያይ) አለ። የወሰን ጥያቄ እሱም ያያል፣ የ10 ቀኑ ገደብም እዚያ የለም። ድርጅት ግን ያለ ጠበቃ አይቀርብም፤ ወጪውም ሌላ ነው፤ መዘግየትሽንም ዳኛው ያይብሻል።

ወደ ሰብኮንትራቱ። እንዳትቀየሚኝ፣ ሥራ ሥራ ነው፣ ሠራተኞችሽም ደመወዝ ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ አትንኪው አልልም። ግን ከሰኞ በፊት ምንም አትፈርሚ። ረቂቁን ላኩልኝ በያቸው። በውስጡ «ይህን ሥራ በተመለከተ አቤቱታ አላቀርብም» ወይም «ከእናንተ ጋር ብቻ እሠራለሁ» የሚል ካለ ለጠበቃው አሳዪው። ሰብኮንትራክተር ብቻ ሆነሽ በራስሽ ስም አቤት ማለት አትችዪም። በ2025 የፌዴራሉ ይግባኝ ፍርድ ቤት በሙሉ ችሎት ይህንኑ አጽንቶታል፤ በሌላ ኩባንያ ውል ስር ምርቴ መታየት ነበረበት ያለ የሶፍትዌር ድርጅት፣ ተጫራች ስላልሆንክ በሩ አይከፈትልህም ተባለ። የአንቺ ጉልበት ያለው ዛሬ፣ ራስሽን ችለሽ መወዳደር የምትችዪ ድርጅት በመሆንሽ ነው።

ከዚያ በኋላ ከፈረምሽ፣ ሁለት ነገር አስገቢ። አንደኛው፣ ትዕዛዙ በማንኛውም ምክንያት ቢሰረዝ እስከዚያ ቀን የሠራሽው፣ የገዛሽው ዕቃና የሠራተኛ ወጪሽ ይከፈልሽ። ትዕዛዙ ራሱ የሚያከራክር ስለሆነ ይህ ሩቅ ነገር አይደለም፤ አንቺ ባትከራከሪ ሌላ የጽዳት ድርጅት ይከራከራል። ሁለተኛው፣ የፎቅ ኃላፊው መጥቶ «ይችንም ክፍል፣ ያንንም ጋራዥ» ሲል ልጆቹ እሺ እንዳይሉ። ውሉን መለወጥ የሚችለው ኮንትራክቲንግ ኦፊሰሩ ብቻ ነው፣ አንቺ ጋ የሚደርሰውም በዋናው ኩባንያ በኩል በጽሑፍ ነው። በቃል የታዘዘ ሥራ ክፍያ ሲጠየቅበት ማንም አያውቀውም። ለሱፐርቫይዘርሽ አጭር ኢሜይል አዘጋጂላት፤ «ይህ ሥራ በትዕዛዛችን የለም፣ በጽሑፍ ይምጣልን» የሚል፤ ከአማርኛው ጋር እንግሊዝኛውንም ጻፊላት፣ ስልኳ ላይ ይቀመጥ።

ሰኞን አትርሺ።